ሁለተኛው ደብተር

ውድ ኮች ገብረሃንስ፣

ልጅዎ ቴድሮስ ይህን ፖስታ ሲሰጥዎት መነጽርዎን በየኪስዎ ሲፈልጉ ይታየኛል። ግንባርዎ ላይ ነው፤ ድሮም እዚያው ነበር። ካገኙት በኋላ ደግሞ ወንበር ይሳቡ፤ ቆመው የሚያነቡት ነገር አይደለም።

ሉላ ነኝ። ከሳሊተ ምሕረት ቤተክርስቲያን ጀርባ የምንኖረው፣ የሃረገወይን ልጅ፣ እርስዎ "ቆቅ" እያሉ ይጠሯት የነበረችው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳልደውል፣ በዓል ሲመጣ "እንኳን አደረስዎ" እንኳ ሳልል ቆይቼ ዛሬ ብድግ ብዬ ስጽፍ "ይቺ ልጅ ምን ፈልጋ ነው?" ቢሉ አይፈረድብዎትም። በደንቡ ቢሆን መጀመሪያ ስለ ጤናዎ ጠይቄ፣ የእኔንም ነግሬ ነበር ወደ ጉዳዩ የምገባው። ግን ደህና መሆንዎን ከቴድሮስ ሰምቻለሁ። ደህና አለመሆንዎንም ሰምቻለሁ። የጻፍኩት በሁለተኛው ምክንያት ነው።

እንግዲህ ዙሪያውን ከምዞር ቁርጡን ልናገር። በ2010 ዓ.ም. እግሬን የሰበረው የእርስዎ ፕሮግራም አይደለም። የሰበርኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ አንድም ስህተት አልነበረበትም። እርስዎ ግን እስከ ዛሬ እንዳለበት ያምናሉ፤ እንዲያምኑ ያደረግኩዎትም እኔው ነኝ።

በአካል መምጣት አቅቶኝ አይደለም። ከሲኤምሲ ጉርድ ሾላ በባቡር ስንት ደቂቃ ነው? ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ፊትዎ ቆሜ ከጀመርኩ አለቅሳለሁ፤ ካለቀስኩ ደግሞ እርስዎ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ማለት ይጀምራሉ፤ ነገሩም በአይዞሽ ተሸፋፍኖ ይቀራል። እርስዎስ ቢሆኑ "የሰራችሁትን አትንገሩኝ፣ ጻፉልኝ" አይደል ይሉን የነበረው? ይኸው ጻፍኩልዎት፤ ስምንት ዓመት ዘግይቼ።

ያኔ ክለቡ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ዕድሜዬ ሃያ አንድ። ለክለቦች ውድድር የአስራ ስድስት ሳምንት ፕሮግራም ሰጡን። ሌሎቹ አሰልጣኞች "ነገ ሰንዳፋ፣ ከነገ ወዲያ እንጦጦ" ብለው በስልክ ሲልኩ፣ እርስዎ በማስመሪያ እያሰመሩ ለእያንዳንዳችን የየራሳችንን ወረቀት በእጅዎ ጽፈው አመጡ። ከወረቀቱ ጋር አንድ አንድ ደብተር።

"ይሄ ወረቀት ፕሮግራም እንዳይመስላችሁ" አሉን። "ይሄ የእኔ ግምት ነው። ፕሮግራም የሚሆነው እናንተ እውነቱን ስትጽፉልኝ ነው። ስንት እንደሮጣችሁ፣ ምን እንደበላችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ የት ጋ እንዳመማችሁ። ደብተሩ ላይ የዋሸኝ ሰው ከነገ ጀምሮ የምጽፍለት ለእሱ አይደለም፤ ለሌላ፣ ለማላውቀው ሰው ነው።" እኛ ከኋላ ሆነን ተያየን። "ኮች ደግሞ መምህርነቱ አልለቀቀውም" ያለችው ብሩክታይት ነበረች፤ እኔም ስቄያለሁ።

ሰኞ ሰኞ ደብተራችንን ይሰበስቡ ነበር። በየገጹ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ "ታይቷል"፣ ከጎኑ ፊርማ። ሃያ ኪሎ ሜትር በኮረኮንች ብንሮጥም "ታይቷል"፤ አቀበት ላይ ነፍሳችን ብትወጣም "ታይቷል"። "ጎሽ!" የሚጽፉት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ የእረፍት ቀን ላይ። ብሩክታይት አንድ ቀን አላስችላት ብሎ "ኮች፣ ስሮጥ ታይቷል፣ ተኝቼ ስውል ጎሽ? ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?" አለችዎት። እርስዎ ሳይስቁ መለሱላት፦ "መሮጡንማ ትሮጫለሽ፤ ብከለክልሽም ትሮጫለሽ። የሚከብድሽ መቀመጥ ነው። ሥራው ያፈርስሻል፤ የሚገነባሽ እረፍቱ ነው። ፈርሰሽ ፈርሰሽ መገንባት ካላወቅሽበት ምን ይቀርሻል?"

ቀላሉን ቀን ያስታውሳሉ? "እያወራችሁ መሮጥ አለባችሁ፤ ወሬው ከተቋረጠ ፈጥናችኋል ማለት ነው" ስላሉን የሳሊተ ምሕረትና የአያት ሐሜት ሁሉ ያለቀው በእነዚያ ጠዋቶች ነው። ማን አገባ፣ ማን ተጣላ፣ የማን ቤት ፈረሰ። ሳልደክም ሮጬ፣ ስቄ ቤቴ የገባሁባቸው ቀናት እነሱ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እርስዎ ጿሚዎቹን ለብቻ ሰብስበው የፊተኛውን ወረቀት ተዉት ብለው አዲስ ሰጡን። የሌሎቹ ቀናት ሥራ ቀነሰ፤ እሁድ "እረፍት" የሚል ተጻፈበት። "በጾም ሆድ የሚሰራ ሥራ አለ፣ የማይሰራ ሥራ አለ" አሉን። ብሩክታይት በጨጓራዋ ምክንያት የነፍስ አባቷ ስለፈቀዱላት አትጾምም ነበር፤ የእሷ ወረቀት አልተነካም። "የሰው ወረቀት አትዩ" ብለውን ነበር። አየሁ። እሁድ፦ አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር ይላል።

ምን ልበልዎት ኮች፤ ያቺ አስራ ስምንት ቁጥር እንቅልፍ ነሳችኝ። እሷ እየሮጠች እኔ አልጋ ላይ! ንቀውኛል አልኩ። ብሩክታይትን ለውድድሩ እያዘጋጁ ለእኔ የማስታመሚያ ሥራ የሰጡኝ መሰለኝ። በዚያ ላይ የሰፈሩ ሰው "ዛሬ አልሮጥሽም እንዴ? ታመምሽ?" ባለ ቁጥር ሰነፍ የተባልኩ ያህል ያንገበግበኝ ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቅዎት ኖሮ ቁጭ አድርገው እንደሚያስረዱኝ አውቃለሁ። አልጠየቅኩም። ቅናት ይጠይቃል እንዴ?

ችግሩ እማዬ ነበረች። እርስዎ "እሁድ ከቤት አታስወጪያት" ብለዋት ስለነበር በሩ ላይ ዘብ ቆመች ማለት ይቻላል። እርስዎ ያሉት ነገር ለእሷ የማይሻር ነበር። የምታሳልፈኝ ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለቤተክርስቲያን። ስለዚህ በመጀመሪያው እሁድ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩጫ ሱሪዬ ላይ ረጅሙን ነጭ ቀሚስ ደረብኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ "ኪዳን ልደርስ ነው" አልኳት። እማዬ "ተባረኪ፣ ለእኔም ጸልዪልኝ" አለችኝ። ቀሚሱ ረጅም ስለነበር የሩጫ ጫማዬን አላየችም።

ከቤተክርስቲያኑ በር ጎን ጧፍ የሚሸጡትን እማማ አልማዝን ያውቋቸዋል። ቀሚሴንና ነጠላዬን በፌስታል አድርጌ እሳቸው ዘንድ አስቀመጥኩ። "ወዴት ነው ልጄ?" ሲሉኝ "እዚህ ነው፣ መጣሁ" አልኩ። ከዚያ በሲኤምሲ አድርጌ እስከ አያት አደባባይ፣ ከአያት መልስ፣ እንደገና አያት፣ እንደገና መልስ። አስፋልት ለአስፋልት፣ ብቻዬን፣ ማንም ሳያቀዘቅዘኝ። አስፋልት በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ እንዳንረግጥ ብለውናል፤ የሳምንቱን አስፋልት ሐሙስ ረግጬዋለሁ። ስጨርስ ላቤን ጠርጌ፣ ቀሚሴን ለብሼ፣ በሩ ላይ ተሳልሜ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ እማዬ "ፊትሽ በራ፤ ጸሎት እንዲህ ነው" አለችኝ። ውይ!

በሦስተኛው እሁድ እማማ አልማዝ ፌስታሉን ሲቀበሉኝ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። "ዛሬም ቅዳሴው አያት ድረስ ወጣ?" አሉኝ። ሳቅኩ። "እኔን ስቀሽ ታልፊኛለሽ ልጄ፤ እሱ ግን አይሸወድም" ብለው ጧፋቸውን መደርደር ቀጠሉ።

ደብተሬ ላይ የምጽፈው ሌላ ነበር። "እሁድ። ኪዳን ደረስኩ። ሽሮ በላሁ። ከሰዓት ሁለት ሰዓት ተኛሁ። ሕመም የለም።" ሰኞ እርስዎ ያነቡታል፤ ከስሩ በቀይ "ጎሽ!" ይመጣል። ግን እኛ ሯጮች ጉደኞች ነን፤ የሮጥነውን ካልጻፍነው እንዳልሮጥነው ይቆጨናል። አስራ ስምንት ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ሊቀርብኝ? አንድ ሰማያዊ ደብተር ገዛሁና እውነተኛውን እዚያ መጻፍ ጀመርኩ። ሰዓቴን፣ አስፋልቱን፣ ሕመሙን፣ ሁሉንም። አዩልኝ ኮች፦ ለእርስዎ መጻፍ የነበረብኝን እውነት በሙሉ፣ አንድ ሳይጎድል፣ ለራሴ ጻፍኩት። ፍራሼ ስር አስቀመጥኩት።

ደብረ ዘይት እሁድ፣ ማለትም በአምስተኛው ሳምንት፣ ግራ ቅልጥሜ ላይ ሕመም ጀመረኝ። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ከሩቅ አይተው "ቆቅ፣ ግራሽ ምን ሆነ?" አሉኝ። "ጫማው ነው ኮች" አልኩ። ጫማዬን አስወልቀው ውስጡን በእጅዎ ዳበሱት። የዚያን ሳምንት ሥራዬን በግማሽ ቀነሱት። እኔ ደግሞ የቀነሱትን በእሁድ ጨመርኩት። ቀጣዩ እሁድ ገብር ኄር ነበር፤ ከቤተክርስቲያኑ በድምፅ ማጉያ ስለ ታማኙ አገልጋይ ሲሰበክ እኔ በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አጠብቅ ነበር። ሰኞ ደግሞ ደብተሬ ላይ "ጎሽ!" ጻፉልኝ። እንደሌላው ጊዜ አንድ ቃል ብቻ አልነበረም፤ "ጎሽ! ማረፍ እየተማርሽ ነው" ይላል። እስካሁን አለኝ።

ከሰባተኛው እሁድ በኋላ በነበረው ረቡዕ፣ ለገጣፎ መንገድ ኮረኮንቹ ላይ ተሰበረ። ድምፁን ብሩክታይት ሰምታዋለች፤ ደረቅ እንጨት የተሰበረ መስሏት ዞራ አይታለች። እርስዎ በዚያ ዕድሜዎ አዝለውኝ እስከ መኪናው ድረስ ሮጡ። "አትፍሪ፣ አትፍሪ" እያሉ የሚንቀጠቀጡት እርስዎ ነበሩ።

ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና "ይሄ የዛሬ ጉዳት አይደለም" አለ። "አጥንቱ ለሳምንታት ከአቅሙ በላይ ሲሰራበት ቆይቶ ነው የተሰነጠቀው። ፕሮግራሟን የሚያወጣላት ማነው?" እርስዎ እንደ ተማሪ እጅዎን አወጡ። ኮች፣ ያ የወጣ እጅዎ እስከ ዛሬ አይወርድልኝም።

ኮሚቴው የተሰበሰበ ዕለት በክራንች ነው የገባሁት። የቡድን መሪው አቶ ላጲሶ "ከተሰጠሽ ፕሮግራም ውጭ የሰራሽው ሥራ አለ?" ብለው ጠየቁኝ። አፌ ላይ ነበር። እውነት እልዎታለሁ፣ አፌ ላይ ነበር። ግን ከክለቡ የመባረሪያ ደብዳቤ ታየኝ፣ እማዬ ታየችኝ፣ ያ ነጭ ቀሚስ ታየኝ። "የለም" አልኩ። እርስዎ ተነሱ። "ልጅቷን ለምን ታስጨንቋታላችሁ? አትዋሽም። ደብተሯ ይኸው፤ በየሰኞው አንብቤ ፈርሜበታለሁ። ጥፋቱ ከእኔ ነው" አሉ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እነሱም እጃቸውን አውጥተው አሰናበቱዎት። ለሃያ ሁለት ዓመት ያሰለጠኑበትን ክለብ በግማሽ ሰዓት ስብሰባ ለቀቁ፤ እኔን በምስክርነት ጠርተው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ሊጠይቁኝ መጡ። ተልባ ይዘው። እማዬ ወንበር ሰጠችዎትና አልጋዬ አጠገብ ተቀመጡ። ከቦርሳዎ ያንን ደብተርና ቀይ እስክሪብቶዎን አወጡ። አንድ በአንድ እየገለጡ፣ በጣትዎ እየተከተሉ፣ ቁጥሮቹን ደመሩ። ከዚያ ቀና ብለው ጠየቁኝ፦ "ሉላዬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ። የትኛው ሳምንት ላይ ነው የሳትኩት?" ሰማያዊው ደብተር ከፍራሹ ስር ነበር። እኔ እላዩ ላይ ተኝቼ ነበር። በእርስዎና በእሱ መካከል አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም ነበር።

"አላውቅም ኮች" አልኩዎት። ደብተሩን ትራሴ አጠገብ ትተውልኝ ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ አላየሁዎትም።

ለምን ዝም አልኩ? መጀመሪያ ፈርቼ ነው። ከዚያ አፍሬ። ከዚያ ደግሞ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ "አሁን ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ" እያልኩ። እግሬ ድኗል፤ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። እንደ ድሮው እንዳልሆነ ለሰው ስነግር "ኮቼ አበዛብኝ" ብዬ አላውቅም። ሰዎች ግን "አሰልጣኝሽ ጎዳሽ አይደል?" ሲሉ ዝም እል ነበር። ያ ዝምታም ያው ነው።

አሁን እኔንም "ኮች" ይሉኛል። ይሳቁ፣ ተፈቅዶልዎታል። አያት አካባቢ አስራ አራት ልጆች አሉኝ፤ ሁሉም ሴቶች፣ ሁሉም አፈኞች። የማሰራቸው በምን መሰለዎት? በእርስዎ ወረቀት። ያ በማስመሪያ የተሰመረው። ከጾም በፊት የነበረውንም የጾሙንም፣ ሁለቱንም ይዣቸዋለሁ። ቀላሉን ቀን እያወሩ ይሮጣሉ። ዘንድሮ ደብተር የለም፣ ሁሉም ሰዓትና ስልክ ነው፤ እኔ ግን ደብተር አስገዝቻቸዋለሁ። "አሰልጣኛችን የጥንት ናት" ይሉኛል።

ከሁለት ወር በፊት ከሁሉም ጎበዟ፣ ዮሃና የምትባል የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ማነከስ ጀመረች። ቅልጥሟን ነካሁት። ያንኑ ቦታ ነው። ቤት ገብቼ ወረቀቱን ዘረጋሁ፤ ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ እንደገና ደመርኩ። ልክ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ አልበላ አለኝ። "ይቺን ልጅ ምን አደረግኳት? የት ጋ ነው የሳትኩት?" አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድምፁ የእርስዎ ሆኖ ተሰማኝ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ ተሰፈረልኝ። ግን የእኔ ሦስት ቀን ነው፤ የእርስዎ ስምንት ዓመት።

በአራተኛው ቀን ዮሃና ብቻዋን መጣች። "ኮች፣ ዋሽቼሻለሁ" አለችኝ። ቦሌ የአክስቷ ልጅ ጂም አለው፤ በእረፍት ቀኗ እዚያ ትሬድሚል ላይ ስትሮጥ ከርማለች። ሰዓቷ እንዳያሳብቅባት አውልቃ ቤት ትተዋለች። እሷ እያለቀሰች እኔም ጀመርኩ፤ "ኮች፣ አንቺ ለምን ታለቅሻለሽ?" አለችኝ ደንግጣ። ምን ልበላት? የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ በአራት ቀን የቻለችውን እኔ በስምንት ዓመት አልቻልኩትም ልበላት? "እንኳን ነገርሽኝ" ብቻ አልኳት። አጥንቷ አልተሰነጠቀም፤ በጊዜ ነው የደረስነው። ስድስት ሳምንት አረፈች። በየሳምንቱ ደብተሯ ላይ "ጎሽ!" ጻፍኩላት፤ እውነተኛ ጎሽ።

ወረቀትዎ በእጅ ብዛት እየተቀደደ ስለሆነ ኮፒ ላስደርገው ባለፈው ሳምንት ጉርድ ሾላ ወረድኩ። ከባቡሩ ስወርድ ያገኘሁት የመጀመሪያው ኮፒ ቤት ገባሁ። የእናንተ መሆኑን በምን አውቄ! ልጁ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ቆም አለ።

"ይቅርታ እህት፣ ይሄን የጻፈው ማነው?"

"ምነው?"

"የአባቴ ጽሑፍ ነው። ሰባትን እንዲህ ወገቧ ላይ የሚያሰምርባት እሱ ብቻ ነው።"

እንደምንም ብዬ "አባትህ አሁንም ያሰለጥናሉ?" አልኩት።

"ተይው እባክሽ" አለኝ ቴድሮስ። "ስንት ሰው ለምኖታል። 'እኔ የሰው ልጅ እግር የሰበርኩ ሰው ነኝ' ይላል። አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስሟን እንኳ ነግሮን አያውቅም። የድሮ ወረቀቶቹን ግን ዛሬም ያወጣና በቀይ እስክሪብቶ ሲደምር ታገኚዋለሽ። የት ጋ እንደሳትኩ ሳላውቅ እንዳልሞት ይላል።" ከዚያ ፈገግ አለና "ዛሬ ልቅሶ ሄዶ ነው እንጂ ባገኘሽው ደስ ይለው ነበር። ስምሽን ማን ልበለው?" አለኝ።

"ኑራ" አልኩት።

ያቺ ኑራ እኔ ነኝ። እንደገና ዋሸሁ፤ ለልጅዎም። ባቡር ውስጥ ቆሜ፣ በመስኮቱ መስታወት ላይ ፊቴን እያየሁ፣ ሰው እስከ መቼ ነው አንዱን ቀሚስ በሌላው ላይ ደርቦ የሚኖረው አልኩ።

ዓርብ ዕለት ሩዋንዳ ሰፈር አቶ ላጲሶ ቢሮ ሄድኩ። ሰማያዊውን ደብተር ፊታቸው አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲያነቡ ቆዩ። "ልጅት፣ ያን ቀን እኔም እጄን አውጥቻለሁ" አሉ። ወዲያው ደግሞ ቱግ አሉብኝ፤ "ስምንት ዓመት! ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ስትሰሪ ነበር?" የሚገባኝን ነው የተናገሩኝ። በመጨረሻ የነገርኳቸውን አስጽፈው አስፈረሙኝ፤ የክለቡ መዝገብ እንዲታረም ያቀርቡታል። "መጀመሪያ ግን አንቺ ንገሪው። ከዚያ እኔም እግሩ ስር ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ" ብለውኛል። እማዬም አውቃለች። ለሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን "ያን ቀሚስ ለሰው ስጪው" አለችኝ። ሰጠሁት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለቱንም ደብተሮች ልኬልዎታለሁ። ጎን ለጎን ያስቀምጧቸውና በቀይ እስክሪብቶዎ ይደምሩ። የመጀመሪያውን ብቻ ቢደምሩት ስህተት አያገኙም፤ ስምንት ዓመት ያላገኙት ስለሌለ ነው። ሁለቱን ሲደምሯቸው ነው አጥንቱ የሚሰበረው። ሲጨርሱ በመጀመሪያው ደብተር ላይ ያሉትን ሰባት የእሁድ "ጎሽ"ዎች ይሰርዙልኝ። አልሰራሁባቸውም።

ይቅር ይበሉኝ እላለሁ፤ ይቅር ካላሉኝም መብትዎ ነው፣ አላኮርፍም። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እያሉ ስንቴ ነግረውኛል። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "የሰው እግር ሰብሬያለሁ" የሚለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ አይበሉት። ውሸት ነው፤ የእኔ ውሸት ነው፤ እርስዎ ይዘውት አይኑሩ። ለልጆቼ ያባዛሁት ወረቀት አናት ላይ "የኮች ገብረሃንስ ፕሮግራም" ብዬ ጽፌበታለሁ። ሐሙስ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት አያት ሜዳው ላይ ነን። ቀላል ቀን ነው፤ እያወሩ ነው የሚሮጡት። ቢመጡ ከሩቅ ሆነው ወሬው የት ጋ እንደሚቋረጥ ይሰሙልኛል። ካልመጡም ልጆቹ የማን ወረቀት እንደሆነ ያውቃሉ።

ዛሬ እሁድ ነው። ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ሰማያዊው ደብተር መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ጨምሬያለሁ፦

"እሁድ። ፕሮግራም፦ እረፍት። የሰራሁት፦ ኪዳን ደረስኩ፣ እስከ መጨረሻው ቆምኩ። ከእማማ አልማዝ ጧፍ ገዛሁ። ሽሮ በላሁ። ከሰዓት ለኮች ደብዳቤ ጻፍኩ። አልሮጥኩም። ሕመም፦ አለ፤ እግሬ ላይ አይደለም።"

ከስሩ አንድ መስመር ባዶ ትቼልዎታለሁ። "ጎሽ" አልጠብቅም። "ታይቷል" ይበቃኛል።

የዋሸችዎት፣ ከእንግዲህም የማትዋሽዎት፣
ሉላ